ኢሺ ትልቁን ኢላማ ለምን ሳተው?

ቀስት በደመነፍስ መወርወር ላይ፣ ማለትም ያለ ማነጣጠሪያ ኢላማውን ብቻ እያዩ መወርወር ላይ፣ ሰዎች ሁለት ጎራ ይዘው ሲከራከሩ አያለሁ። አንደኛው ወገን ነገሩን ተሰጥኦ ያደርገዋል፤ ወይ አለህ ወይ የለህም። ሌላው ደግሞ "ግምት ነው" ብሎ ያጣጥለዋል፤ ቀስቱ ላይ ማነጣጠሪያ ግጠምና ተገላገል ባይ ነው። ሁለቱንም የሚያስቸግር አንድ እውነተኛ ጉዳይ አለ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የተፈጸመው አሜሪካ፣ ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ፣ ጎን ለጎን በነበሩ አንድ ሙዚየምና አንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ነው። አስተማሪው ኢሺ ይባላል፤ ተማሪው ዶክተር ሳክስተን ፖፕ። ፖፕ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበርና ያየውን ሁሉ እንደ ታካሚ ምርመራ ለክቶ ጽፎታል። ጉዳዩን ዛሬ ቁጭ ብለን መመርመር የቻልነውም በዚህ ምክንያት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በኦገስት 1911 መጨረሻ፣ ሰሜን ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦሮቪል በምትባል ከተማ ዳር፣ አንድ ቄራ አጠገብ፣ ረሀብ ያመነመነው የ50 ዓመት ገደማ ሰው ተገኘ። የሚናገረውን የሚሰማ ጠፋ። ሸሪፉም ግራ ገባውና እስር ቤት አስገባው፤ ወንጀል ሠርቶ ሳይሆን ሌላ የሚያስቀምጥበት ቦታ ስላልነበረው ነው። ሰውየው ያሂ ከሚባለው ሕዝብ የቀረ የመጨረሻው ሰው ነበር። ወገኖቹን በ1860ዎቹ ነጭ ሰፋሪዎች ጨፈጨፏቸው፤ የተረፉት ጥቂቶች ዲር ክሪክ የሚባል ሸለቆ አካባቢ ገብተው ለ40 ዓመት ያህል ተደብቀው ኖሩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ጠመንጃ ድምፅ አለው፤ ተደብቆ ለሚኖር ሰው አንድ ጥይት ማለት "እዚህ ነኝ" ብሎ መጮህ ነው። ቀስት ግን ማንንም አይጠራም። ስለዚህ ለኢሺ ቀስት ስፖርት አልነበረም፣ የባህል ትርኢትም አልነበረም። ራት ነው። ከሳተ ጦሙን ያድራል።

በ1908 መሬት የሚቀይሱ ሰዎች መደበቂያቸውን ድንገት አገኙትና ቀስቱንም ፍላጻውንም ቅርጫቱንም ለማስታወሻ ብለው ይዘውባቸው ሄዱ። አብረውት የነበሩት ቤተሰቦቹ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ኦሮቪል የደረሰው ብቻውን ነው፣ ቀስትም አልነበረውም።

አልፍሬድ ክሮበርና ቶማስ ዋተርማን የሚባሉ ሁለት አንትሮፖሎጂስቶች ወደ ሳንፍራንሲስኮ አመጡት፤ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ውስጥ መኖር ጀመረ። ስሙን ለማንም አልተናገረም፤ "ኢሺ" ብሎ የጠራው ክሮበር ነው። በወር 25 ዶላር እየተከፈለው በጽዳት ሥራ ያግዛል፤ እሁድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለሚመጣው ሕዝብ እንጨት ፈትጎ እሳት ሲያወጣና ባልጩት ሲጠርብ ያሳያል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ቅር ይለኛል። ሰውን ሙዚየም ውስጥ አስቀምጦ ማሳየት በምንም መንገድ ቢያስረዱኝ አይዋጥልኝም። እሱ ግን "ወደ አገርህ እንመልስህ?" ሲሉት እምቢ ብሏል። ወገን የሌለበት ሸለቆ ምን ያደርግለታል?

ፖፕ የመጣው በ1912 ነው። ከሙዚየሙ አጠገብ ባለው የሕክምና ትምህርት ቤት ቀዶ ሕክምና ሊያስተምር። ትርፍ ጊዜውን በእጅ ምትሀት መጫወት የሚወድ ሰው ነበር፤ ሳንቲም ሰውሮ ከሌላ ቦታ ሲያወጣ ያየው ኢሺ "ይሄማ እውነተኛ መድኃኒተኛ ነው" ብሎ አመነው። በቀዶ ሕክምናው አልተገረመም፣ በሳንቲሟ ግን ተገረመ። ወዳጅነታቸው ከዚያ ጀመረ። የጋራ ቋንቋቸው ግን ውሱን ነው፤ የተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ጥቂት የያሂ ቃላት፣ የቀረው ምልክት። ትምህርቱ በአብዛኛው እያየህ የምትሠራው ዓይነት ሆነ፣ እንደ ሸማኔና እንደ ቀጥቃጭ ልጅ። ለቀስት ይሄ ጉድለት አይመስለኝም። እንደውም ብዙ ማብራሪያ ያልሰማ ጀማሪ ዕድለኛ ነው።

መሣሪያውን እንይ። ኢሺ ከሁሉም የሚመርጠው የተራራ ጥድ ነበር፤ የእኛው አገር ጥድ የሥጋ ዘመድ መሆኑ ነው። የቀስቱን ርዝመት የሚለካው በገዛ አካሉ ነው፤ ከዳሌው እስከ ተዘረጋው ተቃራኒ እጁ። ከ1 ሜትር ትንሽ በለጥ ይላል፣ ከእንግሊዞቹ ረጅም ቀስት ጋር ሲተያይ ድንክ ነው። ጀርባው ላይ የአጋዘን ጅማት ይለጠፍበታል። ጅማቱን በጥርሱ እያኘከ ያለሰልሰዋል፤ ማጣበቂያው ከሳልመን ዓሣ ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ሙጫ ነው። ገመዱም ጅማት። የፍላጻውን ጫፍ ከባልጩት ይጠርባል፤ ባልጩት ሲጠፋ የጠርሙስ ስብርባሪም ይሠራለታል፤ የሚጠርብበት መሣሪያ የአጋዘን ቀንድ ነው። የፍላጻ ኮሮጆው ኦተር የሚባል የውኃ ዳር እንስሳ ቆዳ፣ የቀስቱ ማልበሻ ደግሞ የፑማ፣ ማለትም የአሜሪካ የተራራ አንበሳ፣ ጅራት። ፖፕ ሲለካው የቀስቱ መሳቢያ ጉልበት ከ40 እስከ 45 ፓውንድ ሆነ፣ በኪሎ ከ18 እስከ 20 መሆኑ ነው። ዛሬ አንድ ጎልማሳ ጀማሪ ከጥቂት ወር ልምምድ በኋላ የሚይዘው ዓይነት ጉልበት ነው። ተአምር የለበትም።

ስለ ቀስት አያያዝ ሕግ ነበረው። ቀስት ሥራ ከጨረሰ ገመዱ ይላላለታል፣ ይተኛል። ቆሞ ከተተወ ይደክመዋል፣ ያልበዋል። ማንም አይራመደውም። ልጅ አይነካውም። ሴትም እንዳትነካው ይላል፣ እሱን እናንተው ፍረዱ። የመጀመሪያው ግን የአናጺ እውቀት ነው፤ ተወጥሮ የሚያድር እንጨት ቀስ በቀስ ጉልበቱን ያጣል፣ ዛሬም የእንጨት ቀስት ያለው ሰው ሁሉ ገመዱን ፈትቶ ነው የሚያስቀምጠው። ደግሞ ጥሩ ቀስት ገመዱ በፍላጻ መታ ሲደረግ ጥሩ ድምፅ መስጠት አለበት። አንዳንዴ የቀስቱን አንድ ጫፍ ከአፉ ጥግ አስደግፎ ገመዱን እየመታ ያዜማል። ፖፕ እንደጻፈው ኢሺ ካለው ነገር ሁሉ እንደ ቀስቱ የሚወደው አልነበረም።

አወራወሩ በስዕል ከምናውቀው በጣም ይለያል። ቆሞ ሳይሆን ቁጢጥ ብሎ ነው። ቀስቱን ቀጥ አድርጎ አያቆመውም፤ የላይኛው ጫፍ ወደ ግራ አዘንብሎ ደረቱን አቋርጦ ያልፋል። ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ ለሚያድን ሰው ይሄ ግልጽ ነው፤ የቆመ ቀስት ቅርንጫፍ ይመታል፣ የተነሳ ራስ ይታያል። ገመዱን የሚስበው በሦስት ጣት ሳይሆን በአውራ ጣቱ ነው፤ አውራ ጣቱን ከፍላጻው ስር ገመዱ ላይ አጥፎ የመሀል ጣቱን ጫፍ ጥፍሩ ላይ ይጭንበታል። ፍላጻው ከቀስቱ በስተቀኝ ይተኛል። ቀስቱ ላይ ምልክት የለም፣ ማነጣጠሪያ የለም፣ ርቀት የሚለካ ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ፖፕ የመዘገበው አንድ ነገር አለ፣ ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ኢሺ በ40 ያርድ ርቀት፣ ማለትም 37 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጉድጓድ ውስጥ የምትኖር ሽኮኮ መሰል ትንሽ እንስሳ ይመታል። በዚያው ቀን፣ በዚያው ርቀት፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ20 የሚሆን ክብ ኢላማ ሊስት ይችላል። የጭድ ኢላማ ነው፣ አይሮጥም፣ አይደበቅም። ቤት የሚያክል ነገር ነው ከእንስሳዋ አንጻር። ምን ሆነህ ነው ሲባል ኢሺ ሁለት ምክንያት ሰጠ፤ ኢላማው በጣም ትልቅ ነው፣ በላዩ ላይ ደግሞ ደማቅ ቀለም ያላቸው ክቦች ሐሳቤን ይበታትኑታል። ፖፕም ልክ ነበረ ብሎ ፈርዷል።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ቀልድ ያልፈዋል፣ ወይ የሳተ ሰው ሰበብ ያደርገዋል። እኔ ግን በደመነፍስ መወርወር ምን እንደሆነ ከዚህ አጥርቶ የነገረኝ የለም። ገጠር ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ ያባረረ ልጅ ወዲያው ይገባዋል። ወንጭፍ የሚያነጣጥርበት ነገር የለውም። ልጁ ርቀት አይለካም፣ "ክንዴን ስንት ላንሳ" አይልም፤ ዓይኑን አንዷ ወፍ ላይ ይተክላል፣ ክንዱ የቀረውን ይጨርሳል። ማሳው ላይ መንጋ ሰፍሮ ዝም ብሎ ወደ መንጋው ከወረወረ ግን አንዷንም አይመታም። ክንድ የሚታዘዘው ዓይን ላረፈበት ቦታ ነው፤ ዓይን አንድ ሜትር ስፋት ላይ ከተንሳፈፈ ክንዱም አንድ ሜትር ይንሳፈፋል።

የኢሺ ኢላማ ችግር ይሄ ነበር። ከውጭ ወደ ውስጥ ቀለም የሚለዋወጥ ክብ የተሠራው ነጥብ ለመቁጠር ነው። ማነጣጠሪያ ላለው ሰው ምንም አያደርገውም፤ የማነጣጠሪያውን ብረት መሀል ያለው ቢጫ ክብ ላይ ያሳርፋል፣ ይለቃል። ማነጣጠሪያ ለሌለው ሰው ግን እያንዳንዱ የቀለም ድንበር "እዚህ እየኝ" ይላል። እንስሳዋ ደግሞ በተቃራኒው ቡናማ መሬት ላይ ያለች ቡናማ ነገር ናት፤ እሷን ለማየት ብቻ ዓይንህን አጥብበህ መያዝ አለብህ። አስቸጋሪ መሆኗ ራሱ ነው የረዳው።

ፍላጻውን ጨርሶ አያይም ነበር ለማለት አይደለም። በዓይን ጥግ ፍላጻው፣ እጅ፣ የቀስቱ አካል ሁሉም ይታያል፣ አእምሮም ሳንጠይቀው ያንን ይጠቀምበታል። ልዩነቱ ዋናው ትኩረት የት ነው የሚለው ላይ ነው። ስለዚህ "ተሰጥኦ ነው" የሚሉትም "ግምት ነው" የሚሉትም እዚህ ላይ ይሰናከላሉ። ተሰጥኦ ቢሆን ትልቁንም ትንሹንም እኩል ይመታ ነበር። ግምት ቢሆን ትልቁን ብዙ፣ ትንሹን ጥቂት ጊዜ ይመታ ነበር። የሆነው ሁለቱም አይደለም።

ኢሺን ግን ከልክ በላይ አናግዝፈው። በክብ ኢላማ ውድድር ፖፕ ብዙም ሳይቆይ በልጦታል። ኢሺ ከሩቅ የሚወረውር ሰው አልነበረም፤ አጋዘን ሲያድን የሚለቀው ከ10 እስከ 50 ያርድ ባለው ውስጥ ነው። አጭር ቀስት፣ መካከለኛ ጉልበት፣ ከባልጩት የተሠራ ጫፍ ይዘህ ከዚያ በላይ ብትሄድ ፍላጻው እየወደቀ ይሄዳል፣ የርቀት ስህተትህም ይገዝፋል። ቅርብ ላይ ግን ፍላጻው ቀጥ ብሎ ለመሄድ ይቀርባል፣ ግምትህ ትንሽ ቢዛነፍም ይይዝልሃል። ኢሺ ይህን በቁጥር አያስረዳም፣ ግን አኗኗሩ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው፤ መምታት የማይችለውን ርቀት በመቅረብ ያጠፋዋል።

የመቅረቡ ሥራ ደግሞ ከመወርወሩ ይረዝማል። አጋዘን ሊያድን ሲል ከአንድ ቀን በፊት ዓሣ አይበላም፣ ትምባሆ አያጨስም። ጠዋት ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፣ ሽታ ባላቸው ቅጠሎች ሰውነቱን ያሻል። አንዳንዴ የተሞላ የአጋዘን ራስ ደፍቶ ከቁጥቋጦ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ አጋዘን "ይሄ ደግሞ ምንድነው" ብሎ ለማየት ይቀርባል። ጥንቸል ለመጥራት ጣቶቹን ከንፈሩ ላይ አድርጎ የተጨነቀች ጥንቸል ድምፅ ያወጣል። ፖፕ ሐኪም ነውና ይህንንም ቆጠረው፤ አንድ ከሰዓት ላይ በተለያየ ቦታ 12 ጊዜ ጠርተው አምስት ጥንቸሎችና አንድ የዱር ድመት መጡላቸው። ድመቷ የመጣችው ጥንቸል ልትበላ ነው፣ ምን ይደረግ።

በ1914 ጸደይ ላይ ኢሺ፣ ክሮበር፣ ዋተርማን፣ ፖፕና የፖፕ ልጅ አብረው ወደ ዲር ክሪክ ሄዱ። ኢሺ የተደበቀበትን፣ የዋኘበትን፣ ያደነበትን ቦታ አሳያቸው። ፖፕ ከሱ ጋር ብዙ ጊዜ አጋዘን ፍለጋ ወጥቷል፣ ፍላጻ የለቀቁባቸው አጋጣሚዎችም ነበሩ። ውጤቱ? አንድም አልገደሉም። አንዴ ርቀቱ፣ አንዴ የመሬቱ ቁልቁለት፣ አንዴ ዛፍ እየከለላቸው ሳቱ። ፖፕ ራሱ የሰጠው ምክንያት ደስ ይለኛል፤ ኢሺን ጀማሪ አብሮት መሆኑ ጎተተው፣ የነጭ ሰው ጊዜ ማጣት ደግሞ አጣደፈው ይላል። አስተማሪውን አልወቀሰም፣ ቀስቱንም አልወቀሰም።

ይህ ጊዜ ማጣት የሚለው ነገር ቀላል አይደለም። ሆስፒታል ሥራ ያለው ሰው ሰኞ ጠዋት መመለስ አለበት። አጋዘኑ ግን ሰኞን አያውቅም። ኢሺ አንድ ቁጥቋጦ ስር ግማሽ ቀን ቁጭ ማለት የለመደ ሰው ነው፤ "ተነስ እንሂድ" ሲባል ገና ሊቀርብ ከሚችለው ርቀት ላይ ሆኖ ለመልቀቅ ይገደዳል። ያኔ የሚስተው በዓይኑ ወይም በክንዱ ድክመት ሳይሆን ከሚያውቀው ርቀት ውጭ ስለወጣ ነው። ዛሬም በደመነፍስ መወርወር "አልሠራልኝም" ብለው ማነጣጠሪያ ከሚገዙ ሰዎች ብዙዎቹ፣ እንደኔ ግምት፣ ገና በአሥር ሜትር ሳይረጋጉ ሠላሳ ሜትር ላይ የቆሙ ናቸው።

ከዚያ ኢሺ ታመመ። የሳንባ ነቀርሳ። ሐኪሙ ፖፕ ነበር። ማርች 25 ቀን 1916 አረፈ። አስከሬኑ ሲቃጠል ቀስቱና አምስት ፍላጻዎቹ አብረውት ነበሩ። ክሮበር አጥብቆ ቢቃወምም የአስከሬን ምርመራ ተደረገ፤ አንጎሉ ወጥቶ በኋላ ስሚዝሶኒያን ወደሚባለው ተቋም ተላከ፣ ለዘመድ ነገዶቹ የተመለሰው በ2000 ነው። የላከው ደግሞ ራሱ ክሮበር ነው። በዚህ ላይ ሌላ ጊዜ ረዘም አድርጎ መጻፍ ይቻላል፤ እዚህ ግን ሳልጠቅሰው ማለፍ አልፈለግኩም፣ ምክንያቱም የወዳጅነቱ ታሪክ ብቻውን ሲነገር በጣም ያማረ ይመስላል።

ፖፕ የመጀመሪያ አጋዘኑን በቀስት የገደለው ኢሺ ከሞተ በኋላ ነው፣ ይህንንም ኢሺ ስላስተማረኝ ነው ብሏል። ግን የኢሺን አወራወር ይዞ አልቀጠለም። የአውራ ጣቱን አሳሳብ ተማረ፣ የሌሎች ነባር ሕዝቦችንም ሞከረ፣ በመጨረሻ የእንግሊዞቹ የሦስት ጣት አሳሳብ ይሻለኛል ብሎ ወሰነ። ረጅምና ከባድ ቀስት ለመሳብ አውራ ጣት ብቻውን ይቸገራል፣ ስለዚህ ውሳኔው ይገባኛል። በ1920 አርተር ያንግ ከሚባል የቀስት አዳኝ ጋር የሎውስቶን ወደሚባል የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርክ ሄደው ለሳይንስ ሙዚየም የሚሆኑ ግሪዝሊ ድቦችን በቀስት ገደሉ፤ በ1925 ለአንበሳ አደን እስከ ታንጋኒካ፣ የዛሬዋ ታንዛኒያ፣ ዘለቁ። በዓመቱ ፖፕ ሞተ። በ1961 በአሜሪካ የተቋቋመው ታዋቂ የቀስት አዳኞች ክበብ የሁለቱን ስም ይዟል። የኢሺ ስም የለበትም።

ከኢሺ ወደ ፖፕ ምን ተላለፈ ብለን ብንጠይቅ መልሱ የሚያስገርም ነው። ቁጢጥ ማለቱ አልተላለፈም። የአውራ ጣቱ አሳሳብ አልተላለፈም። አጭሩ ቀስትም አልተላለፈም። በዓይን የሚታየው ነገር በሙሉ ቀርቷል ማለት ይቻላል። የተላለፈው ዓይንን አንድ ቦታ መትከል፣ መቅረብ፣ ሽታና ንፋስን ማሰብ፣ መጠበቅ ነው። ስለዚህ "የጥንቱን አወራወር" ፍለጋ ኢሺ እንዴት ቁጭ እንዳለ በፎቶ እያዩ የሚኮርጁ ሰዎች የተሳሳተውን ግማሽ እየኮረጁ ይመስለኛል። ቆመህም፣ በሦስት ጣት ስበህም፣ የፋብሪካ ቀስት ይዘህም የኢሺን ነገር መማር ይቻላል።

ሊሞክር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ ጉዳይ በቀጥታ የሚወጣው ሥራ ይሄ ነው። በመጀመሪያ ያለ ምንም ኢላማ፣ ከጭድ እስሩ ሦስትና አራት እርምጃ ርቆ፣ ስበህ መልቀቅ ብቻ፤ እጅህ ሁልጊዜ ፊትህ ላይ አንድ ቦታ እስኪያርፍ ድረስ። እሱ ከለመደ በኋላ ክብ ያለበትን ወረቀት ገልብጠው፤ ነጩን ጀርባ አውጣና መሀሉ ላይ የሳንቲም ያህል ጥቁር ነገር ለጥፍ። ደረቅ ቅጠል ብትሰካ ደግሞ ይሻላል፣ ቅጠሉን ሳይሆን የቅጠሉን ጫፍ እይ። ስትስት እጅህን ከማረምህ በፊት ፍላጻው ሲለቀቅ ዓይንህ የት እንደነበር ጠይቅ፤ አብዛኛውን ጊዜ ፍላጻውን ሊከተል ቀድሞ ሄዷል። አሥር ሜትር ላይ ሰልችቶህ እንኳ የማትስትበት ደረጃ ሳትደርስ ወደ ኋላ አትሂድ። ደግሞ የተጎዳ፣ የተሰነጠቀ ፍላጻ ገመድ ላይ አታድርግ፤ ተሰብሮ እጅ ውስጥ ይገባል። ከጭዱ ጀርባ ግንብ ወይም የአፈር ቁልል ይኑር።